ቡልኮው ላይ የቀረው ሰም

አሁን የምሠራው ስልክ ቤት ነው። ፊት ለፊቴ ቀዳዳ የሞላበት ሰሌዳ አለ። ደዋዩ የሚፈልገውን ከተማ ይነግረኛል፣ ገመዱን እሰካለሁ፣ "ይነጋገሩ" እላለሁ፣ ከመስመሩ እወጣለሁ። ኃላፊያችን በመጀመሪያው ቀን ያሉኝም ይህንኑ ነው፤ "አገናኝተሽ ውጪ። የሰው ወሬ ውስጥ አትቀመጪ።" ወንበሩ አይዞርም። ቀኑን ሙሉ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን መንገድ ይሄዳል።

ስቀጠር ኃላፊዋ የቀድሞ ሥራዬን ጠየቁኝ። ራዲዮ ጥገና አልኳቸው።

"አባትሽ ናቸው ጠጋኙ?"

"እኔ ነኝ።"

"ወንድሞችሽን ትረጂ ነበር ማለት ነው።"

"ወንድም የለኝም። መበየጃውን የምይዘው እኔ ነኝ።"

እሳቸውም ጻፉት፤ ግን እንዳላመኑኝ ፊታቸው ላይ አየሁ። ይህን የምጽፈው ለእሳቸው አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ደረቴ ውስጥ ሲንኳኳ ከርሟል፤ ካልጻፍኩት ደግሞ እግሬ አያርፍም።

ሆሳዕና አራዳ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ፣ በሯ ሰማያዊ የተቀባ ጠባብ ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መጀመሪያ ጨርቅ ሸጡ፣ ቀጥለው ሰዓት ጠገኑ፣ ዓይናቸው ለሰዓት ሲደክም ራዲዮ ያዙ። "ራዲዮ ይሻላል፣ የሚፈታው ብሎን ቢያንስ ይታያል" ይሉ ነበር።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ ቤት ውዬ ነበር። እናቴ ስፌት ተማሪ ትለኛለች፣ እኔ ከጓሮ ወደ በር ከበር ወደ ጓሮ እመላለሳለሁ። "ይቺ ልጅ ምጣድ ላይ ያለ ፈንዲሻ ናት" ትል ነበር ለጎረቤት። አንድ ቀን አባቴ ድምፁ የጠፋ ራዲዮውን አስይዞ ወደ ጋሽ ሸምሱ ላከኝ። አስረከብኩ፤ ግን አልሄድኩም።

"ሐሙስ ነይ ብዬሽ የለ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

"ሲከፈት ማየት እፈልጋለሁ።"

ከፈቱት። እኔም ጀመርኩ። ይሄ ቀዩ ምንድን ነው፣ ያኛው ለምን አበጠ፣ ይሄ ሽቦ ከዚህ ተነሥቶ የት ይገባል። ጋሽ ሸምሱ ትንሽ መለሱልኝ፣ ኋላ ካቻቢቴውን በእጄ አስያዙኝ። "አፍሽ እንዲህ የሚሮጠው እጅሽ ሥራ ስለፈታ ነው። በይ ፍቺ።" ሐሙስ ስመለስ ራዲዮውን ለመውሰድ አልነበረም።

የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰውዬው ልማድ ነው። ጋሽ ሸምሱ ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት በጀርባው በኩል ያሸቱታል። የፈነዳ ኮንደንሰር የሰነበተ ዓሣ ይሸታል፣ የተቃጠለ ሽቦ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ውስጡ አይጥ የወለደችበትን ለመለየት ግን ልምድ አያስፈልግም። ካሸተቱ በኋላ አምፖሉ ይመጣል። ከመብራቱ ጋር በቀጥታ የሚሰካ ዕቃ እሳቸው ቤት የለም፤ በሶኬቱና በዕቃው መካከል አንድ ተራ የቤት አምፖል ይገባል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከፈዘዘ ዕቃው ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጥ መነካካት የሌለበት ነገር ተነካክቷል፣ ነቅለሽ ፈልጊ። አምፖሉ ባይኖር ዕቃው ይነድ ነበር፤ አሁን እሱ በርቶ ይነግርሻል።

ሌላው ግራ እጅ ነው። መብራት ያለበትን ነገር ስትነኪ ግራ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ይሁን፤ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው የሚወጣ መብራት ልብ ላይ ያልፋል። ቀሚሴ ኪስ አልነበረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፈቃዴ መርፌና ክር ያዝኩና ሰፋሁለት። እናቴ "ተመስገን፣ ስፌት ጀመረች" አለች።

ለምን እንደሚያደርጉት ያልገባኝ ልማድ አንድ ነበር። ሰው ራዲዮ ሲያመጣ ጋሽ ሸምሱ ገና ከእጁ እንደተቀበሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ የጣቢያ መፈለጊያዋን መርፌ ወደ ጥግ ያዞሯታል። ዓይናቸው ባለቤቱ ፊት ላይ ሆኖ ጣታቸው ብቻ ይሠራል። የጥገናው አንድ ክፍል መስሎኝ እኔም ሳዞር ከረምኩ፤ ኋላ ግን ጠየቅኳቸው።

"መርፌዋ የቆመችበት ቦታ የሰውዬው ነው" አሉኝ። "እኛ ካላየነው፣ ማንም መጥቶ ቢጠይቀን አናውቅም። ራዲዮ ይጠገናል፣ ባለቤቱ አይጠየቅም።"

ይህ መቼ እንደነበር ለማያስታውስ ልንገር። ጦርነቱ በሰሜን ነው፣ ለውትድርና የሚደረገው አፈሳ ግን እኛ ገበያ ድረስ ይመጣል። ከአዲስ አበባው ጣቢያ ሌላ ማዳመጥ ያሳስር ነበር። ስለዚህ ከተማው ሁሉ የአዲስ አበባውን ጮክ አድርጎ ይከፍታል፤ ሌላውን ማን እንደሚከፍት ማንም አይጠይቅም።

ሥራችን ሆሳዕና ብቻ አልነበረም። በገበያ ቀን ሣጥናችንን ይዘን በጭነት መኪና ሺንሺቾ ወይም ዶዮገና እንወጣ ነበር። ዶዮገና ላይ ጠዋት በብርዱ ጣት ስለማይታዘዝ ብሎን የምፈታው እጄን ብብቴ ውስጥ እያሞቅኩ ነው። የሚከፈለን አንዳንዴ ብር ነው፣ አንዳንዴ ድንች፣ አንዳንዴ "ለሚቀጥለው ገበያ"። መብራት የሌለበት አገር ስለሆነ ራዲዮው ሁሉ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ከዚያ ድንጋይ ከሱቅ ጠፋ። ሰው ያለቀውን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ ይቀቅላል፣ በጥርሱ ይነክሳል። አንድ የዶዮገና ሽማግሌ ከጎመን ጋር በአንድ ድስት ቀቅለውት "ራዲዮው አልተናገረም፣ ጎመኑም አልተበላ" ብለው ሁለቱንም እኛ ላይ አማረሩ።

ሆሳዕና ግን ማታ ማታ መብራት አለ። የከተማው መብራት ሞተር አመሻሹ ላይ ይነሣል። ጋሽ ሸምሱ በድንጋይ ፋንታ ራዲዮውን በመብራት የሚያስኬድ ሣጥን ለምን አንሠራም አሉ። እኛው ስም ሰጠነው፣ "ፓወር"።

ፓወር ስንሠራ እንዲህ ነው። ከሞቱ ዕቃዎች ብረቱን እናወጣለን። ቀጭኑን ሽቦ በእጅ እየጠመዘዝን ትራንስፎርመር እናደርገዋለን፤ የግድግዳውን ኃይለኛ መብራት ራዲዮው ወደሚችለው የሚያወርደው እሱ ነው። ዙሩን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ቆጠራ ላይ ሆኜ ሰው "ደህና ዋልሽ" ቢለኝ አልመልስም፤ ከመለስኩ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ተፈትቶ እንደገና። "የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሰላምታ አታውቅም" የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም። የተጠመጠመው ሽቦ እርስ በርሱ እንዳይነካካ የሚቀባው ነገር ደግሞ ከአዲስ አበባ መምጣት አቆመ። ጋሽ ሸምሱ ከከምባታ ማር ይዘው ከሚመጡት ሴቶች ሰም ገዙ። ሰሙን አቅልጠን ሽቦውን እንነክራለን፣ ሲደርቅ ጥርቅም ይላል። ከዚያ ዳዮዱ፣ ኮንደንሰሩ፣ ፊውዙ፤ ከዚያ አናጢ የሠራው የጣውላ ሣጥን፣ ሙቀት እንዲወጣለት ጎኑ በመሰርሰሪያ የተበሳ። ሱቃችን የማርና የተቃጠለ ጣውላ ይሸት ነበር።

ሰው ወሰደው። ይሠራል። አንድ ቤት ብቻ አልሠራም።

እትዬ አበራሽ ቡላ ነጋዴ ናቸው፣ ባላቸው የሞተ፣ ወደ ጎምቦራ መውጫ ብቻቸውን የሚኖሩ። ፓወሩን በገዙ በሁለተኛው ሳምንት ይዘው መጡ። ተቃጥሏል። ጋሽ ሸምሱ አሸተቱት፣ አምፖሉ ቦግ አለ፤ ሽቦው ተነካክቷል። አዲስ ጠመዘዝኩላቸው። እዚያው ፊታቸው ሰክተን አስጮህነው፣ ይዘው ሄዱ። ወር ሳይሞላ ተመለሱ። ያው ነው።

"የወፍጮው ጉዳይ ይሆናል" አሉ ጋሽ ሸምሱ። በእትዬ አበራሽ ሠፈር የእህል ወፍጮ አለ። ወፍጮው ሲዞር መብራቱ ይደክማል፣ ሲቆም ዘሎ ይነሣል። ስለዚህ ሦስተኛውን ወፈር ባለ ሽቦ ሠራነው። እንዳይመለስ ብዬ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሰክቼ ጠበቅሁት፤ የኛ ሱቅ ቀንም የሚሠራ የጎረቤት ሞተር ስለነበራት። እጄን አስቀመጥኩበት፤ ሞቅ ይላል እንጂ አይፋጅም።

እሱም ተቃጠለ።

ይህ ነገር ምን ያህል እንዳስጨነቀኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሱቃችን ውስጥ የሚኖር፣ ሌላው ሰው ቤት ሁሉ የሚኖር፣ እትዬ አበራሽ ቤት ሲገባ የሚሞት ዕቃ። "ምን እንደሚያደርጉበት እንጠይቃቸው" እላለሁ። "ሌላ ጥምዝ እንሞክር" ይላሉ ጋሽ ሸምሱ። መስቀል ተቃርቦ ነበር፤ ገበያው ቅቤና ሥጋ ቤት ብቻ ሆኗል፣ እትዬ አበራሽ ግን ለበዓል የሚሸጠውን ቡላቸውን ትተው የተቃጠለ ሣጥን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ራዲዮውንም ጨምረው አምጥተዋል፤ ምናልባት ጥፋቱ የሱ ቢሆን ብለው። ጋሽ ሸምሱ ተቀበሉና መርፌዋን አዞሩ።

ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። ጓድ በቀለ የሚባል የቀበሌ ሰው፣ የስብሰባውን ድምፅ ማጉያ ሊወስድ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

"እትዬ" አልኩ፣ "ይሄ ሣጥን እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እርስዎ ጋ ሲደርስ ይቃጠላል። ምን እያደረጉበት ነው? የትኛውን ጣቢያ ቢከፍቱት ነው እንዲህ የሚነደው?"

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀልድ ነበረች። ጓድ በቀለ ቀና አለ።

"ደግሞ የሚያቃጥል ጣቢያ አለ እንዴ?" አለ እየሳቀ።

"የእርሻ ፕሮግራም ነው የምሰማው" አሉ እትዬ አበራሽ።

"ገበሬ ሆኑ? እኔ ቡላ የሚሸጡ ነበር የሚመስለኝ።"

"ቡላ ከመሬት አይደል የሚወጣ፣ ልጄ።"

እሱ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ራዲዮውን ከጋሽ ሸምሱ እጅ ወስደው በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ትተውት። ተከትዬ ጠራኋቸው፣ ዞር አላሉም። ጓድ በቀለም ማጉያውን በነጻ ተቀብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ ሄደ።

ጋሽ ሸምሱ ሥራቸውን ቀጠሉ። ብዙ ቆይተው፣ ከዕቃው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ "መርፌዋን ለምን እንደማዞር ነግሬሽ ነበር" አሉ። በቃ ይኼው ነው።

መስቀል አለፈ። እትዬ አበራሽ አልመጡም። ገበያ ሳገኛቸው ሚዛናቸው ላይ ያቀረቅራሉ። ሣጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ "ጣይው" ይሉኛል ጋሽ ሸምሱ፣ አልጥለውም። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አነሣዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። የሰሙን ነገር እስከዚያ ድረስ ውስጡን ነበር የማየው፤ ቀልጦ ከሽቦው ላይ ሄዷል፣ ሽቦው የተነካካውም ለዚህ ነው። ሰሙ የት ሄደ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በተበሳው ጎኑ በኩል ወደ ውጭ ፈሶ ጣውላው ላይ ደርቋል። የደረቀው ሰም ላይ ነጭ ነጭ የጥጥ ብናኝ ተጣብቋል። አንድ ቀይ ክርም አብሮ።

አሸተትኩት። የጠቆረ ጥጥ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ ቡልኮ ነው" አልኩ። "ሣጥኑን ቡልኮ ያለብሱታል። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሰሙ ይቀልጣል።"

ተቀብለው በጣታቸው ፋቁት። "ራዲዮ ማን ቡልኮ ያለብሳል?" አሉ። ማን እንደሚያለብስ ግን ለሁለታችንም እኩል ገባን። ድምፁ ከቤት እንዳይወጣ የሚፈልግ ሰው ነው።

"እርስዎ መርፌዋን ባያዞሯት ኖሮ ያኔውኑ እናውቅ ነበር" አልኳቸው።

"አውቀንስ?"

"ሣጥኑን ከቡልኮው ውጭ እናስቀምጥላቸው ነበር።"

ጢማቸውን ያሻሉ፣ ሣጥኑን ያያሉ። "እንግዲያው ሂጂና አስቀምጪላቸው" አሉኝ። "አንዴ ደግሞ አፍሽን ከበር ውጪ ትተሽ ግቢ።"

እትዬ አበራሽ በር ላይ አቆሙኝ። በአማርኛ ጀመርኩ፣ አልመለሱም። በሀዲይኛ ስጀምር "ያ የቀበሌ ሰውዬ ነው የላከሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልላከኝም። ይሄን ላሳይዎት ነው።" ቀዩን ክር መዳፌ ላይ ዘረጋሁት። "የቡልኮዎ ጥለት ነው። ራዲዮውን አይደለም የምጠይቅዎት። ሣጥኑ ትንፋሽ አጥሮት ነው የሚሞተው፣ እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

አስገቡኝ። በሩን ዘጉ። ቡልኮውን ከአልጋው ላይ አንሥተው ዘረጉልኝ፤ ጥለቱ አጠገብ መዳፍ የሚያህል ቢጫ የሰም እድፍ፣ መሐሉ የጠቆረ። "አጥቤው አልለቀቀም" አሉ። ከዚያ የነገሩኝን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ልጃቸው ማርቆስ ከቅዳሜ ገበያ ታፍሶ ነው የሄደው። መጀመሪያ ደብዳቤ ነበረ፣ ቀጥሎ ምንም። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ መሞቱን የሚናገርም የለም። ከዚያ አንዲት ሴት ገበያ ላይ ሹክ አለቻቸው፦ በሰሜን በኩል ያለው ጣቢያ ማታ ማታ የተማረኩትን ወታደሮች ያናግራል፤ ስማቸውን ይላሉ፣ አገራቸውን ይላሉ፣ ለቤተሰብ ሰላም ይላሉ።

"አማርኛው ሲፈጥን አይገባኝም" አሉ እትዬ አበራሽ። "ሆሳዕና የምትለዋን ግን አውቃታለሁ። እሷን ነው የምጠብቀው። ግድግዳዬ ጭቃ ነው፣ የጎረቤት አልጋ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ራዲዮውንም ሣጥኑንም ራሴንም ቡልኮ ውስጥ እከታለሁ።"

"ሣጥኑ ከተቃጠለ ወዲህስ?"

"ምን እሰማለሁ? ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።"

ወደ ሱቅ የሄድኩት በሩጫ ነው። የሠራነው ነገር ከባድ አልነበረም፤ ያ ነው የሚያናድደኝ። ሣጥኑን እንደገና ጠምዝዤ እሳቸው ቤት መስኮቱ ሥር መደርደሪያ ላይ አየር ሰጥቼ አቆምኩት፤ ከሱ ወደ ራዲዮው ረጅም ቀጭን ሽቦ ዘረጋሁ። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ከመሳቢያቸው ጥግ አንዲት የጆሮ ማዳመጫ አወጡ፣ የአንድ ጆሮ፣ ከየትኛው ዕቃ እንደተረፈች የማይታወቅ። ብየዳዋን እሳቸው ራሳቸው አደሱ። ከእንግዲህ ቡልኮ አያስፈልግም።

እትዬ አበራሽ ጆሯቸው ውስጥ ሲከቷት ደንግጠው ነቀሏት። "ይሄ ሁሉ ጩኸት! ሠፈሩ ይሰማል።"

"እርስዎ ብቻ ነዎት የሚሰሙት።"

"እኔ እየሰማሁት ጎረቤት እንዴት አይሰማም?"

ላሳምናቸው ስላልቻልኩ ወጥቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ከዚያ እሳቸው ወጡ፣ እኔ ውስጥ አዳመጥኩ፣ እሳቸው ግድግዳውን አዳመጡ። ውጭ ላየን ሰው ሁለት እብዶች ነን። በመጨረሻ አመኑ። ግን ቡልኮውንም አልተዉትም፤ ከትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉታል፣ "ይብረደኝ አይብረደኝ ለምዶብኛል" ይላሉ።

ከሥራ ስወጣ ጎራ ማለት ጀመርኩ። እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ በቆሎ እፈለፍላለሁ፤ ሰው ሲመጣ ለምልክት እስላለሁ። አማርኛው ሲፈጥንባቸው ማዳመጫዋን ለኔ ይሰጡኛል። አንድ ምሽት እጄን ጨበጡኝ፣ ጥፍራቸው እስኪገባ። ማዳመጫዋን ጆሮዬ ውስጥ ከተቷት። የወጣት ድምፅ ነው፤ አገሬ ሆሳዕና አጠገብ ሞርሲቶ ነው ይላል፣ ለእናቴ ንገሩልኝ፣ ደህና ነኝ። ማርቆስ አይደለም። እትዬ አበራሽ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በማግሥቱ ቡላ ሊሸጡ ነው ብለው በእግራቸው ሞርሲቶ ሄዱ፤ እናትየዋን አፈላልገው አገኟት። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ የሰው ደጅ መቆም ምን ያህል አደገኛ እንደነበር የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። "የት ሰማሽ?" ብትላቸው "ሰው ነገረኝ" አሏት። ሌላ ምንም።

ማርቆስ ግን አልተናገረም። ያ ዓመት አለቀ፣ ሌላም። ሣጥኑ አንድም ቀን አልተቃጠለም፤ እኔ የምኮራበት እሱ ነው። የሚሰማውን ማምጣት ደግሞ የሣጥን ሥራ አይደለም።

መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ በየመንገዱ በእግሩ ተመለሰ። ማርቆስ የመጣው ቅዳሜ ነው፣ በገበያው መሐል። ጢሙ አድጓል፣ ጫማው ሁለት ዓይነት ነው። ሰው እየጠራ እየጮኸ ተከትሎት እስከ እናቱ ቤት ደረሰ፤ እኔም ሱቁን ጥዬ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያንኑ ቡልኮ ደርቦ ቡና በቅቤ ይጠጣል።

"ሰማሽኝ እማ?" አለ። "በራዲዮ ተናግሬ ነበር እኮ። አንድ ጊዜ ነው ዕድሉ የደረሰኝ። በመስቀል ማግሥት፣ በተማረክሁ በመጀመሪያው መስቀል።"

በዚያ መስቀል ሣጥኑ የት እንደነበር አውቃለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እትዬ አበራሽም ያውቃሉ። ወደ እኔ አላዩም።

"ሰማሁህ" አሉ።

"እውነት? ምን አልኩ?"

"አለሁ እናቴ፣ አታልቅሺ አልክ።"

ሳቀ። "አታልቅሺ አላልኩም። ጥጃዋን አትሽጫት ነው ያልኩት።"

"እሷንም ሰምቻለሁ። አልሸጥኳትም።" በበሩ በኩል በአገጫቸው አመለከቱት። ጥጃዋ ላም ሆና ጓሮ ቆማ እንሰት ቅጠል ታኝካለች። ማርቆስ ብዙ አያትና ፊቱን በቡልኮው ጠረገ፣ ሰሙ ባለበት በኩል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺም አብረሽ ሰምተሻል?"

ለሰው የመጣልኝን ከመናገር ወደኋላ ብዬ አላውቅም። በቀበሌ ሰው ፊት እንኳ ወደኋላ አላልኩም፣ ያመጣውን ጣጣ አይታችኋል። ያን ቀን ግን ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ቆመ።

"እኔ ሽቦውን ነው የሠራሁት" አልኩት። "የሚሰሙት እናትህ ናቸው።"

ብዙ ሳይቆይ የባትሪ ድንጋይ ሱቁን ሁሉ ሞላው፣ ፓወር የሚገዛ ጠፋ። የጋሽ ሸምሱም ዓይን ለራዲዮ ብሎንም ደከመ። ሱቁን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ አምፖሉን ከነሽቦው ሰጡኝ። በመጨረሻው ሰሞን አንድ ነገር ታዘብኩባቸው፤ መርፌዋን አሁንም ያዞራሉ፣ ግን ደንበኛውን ወደ ጓዳው በር ጠጋ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ "ማታ የት ነው የምታስቀምጡት?" ይሉታል። ስለ ጣቢያ አይጠይቁም። ስለ ሣጥኑ ብቻ።

እኔም ስልክ ቤት ገባሁ። "ይነጋገሩ" እላለሁ። ኃላፊያችን እንዳዘዙት ወዲያው መውጣት ግን አልሆነልኝም። አንዱ ከወዲህ "ይሰማል? ይሰማል?" ሲል፣ ከወዲያ ማዶ "ሰማሁህ" እስኪሉት ድረስ ገመዱ ላይ እቆያለሁ። ከዚያ እወጣለሁ። ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል። ሦስተኛውም አይቀርም።